የስለት ቡናና ነጩ ሩሲያዊ

ከመቱ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ቡና የጫነው መኪና ከገበያው በላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኝ ነበር። ልጄ ጽጌ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነው። ተኝታለች ብዬ ቀስ ብዬ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ወደ እግሬ አየች። ጫማ የማደርገው ለቤተ ክርስቲያንና ለሩቅ መንገድ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ጎሬ ገበያ። ማታ እመለሳለሁ፤ ከረሜላ አመጣልሻለሁ።»

እናቴ ከኋላዋ ቆማ ሰማችኝ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። መኪናው የጎሬን መንገድ ትቶ ወደ በደሌ ሲዞር ልጄ ከበሩ ሆና ታየው ይሆን እያልኩ ያዮ ደረስን። ከያዮ ወዲያ ነው ያለቀስኩት።

በዚህ በብራስልስ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ስለዚያ ነጭ መጠጥ ታሪኩንም አሠራሩንም ጻፊልን እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። እጽፋለሁ። ግን በዚህች ውሸት ካልጀመርኩ የቀረው አይገባችሁም። አገር ቤት ያላችሁትም እንድታነቡት እፈልጋለሁ፤ በተለይ የመቱ ሰዎች።

ባሌ በንዳድ ከሞተ በኋላ መቱ ተቀምጦ ቡና ይገዛ በነበረ የቤልጂክ ሰው ቤት ወጥ ቤት ነበርኩ። ሚስቱን ማዳም እላታለሁ። ወደ አገሯ ስትመለስ «ሁለት ዓመት ብቻ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ልጄን ላስተምርበት ብዬ እሺ አልኩ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ እግዚአብሔር ይስጣት። እዚህ የምከሰው ራሴን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ የጉዞ ወረቀት የሚሰጠው ሰው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?»

«ወጥ ልሠራ።»

«ፈረንጅ ወጥ ይበላል እንዴ?»

«የእኔን ይበላል።»

«እዚህ የሚበላልሽ ጠፍቶ ነው?» አለና ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት በጣም ቆየ። በኋላ እንደገባኝ ሚስቱ ወጥ አትችልም ነበር።

ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ መርከብ። እስከዚያ ቀን ትልቅ ውኃ የምለው የአገራችንን ወንዝ ሶርን ነበር። ሶር ሲወድቅ ይጮኻል፣ ወዳለበትም ሄዶ ያልቃል። ይኸኛው ዝም ብሎ መጨረሻ የሌለው ነው። ማርሴይ እስክንደርስ ድረስ ከዳዊቴ ቀና አላልኩም።

የብራስልስ ዝናብ ደግሞ ሌላ ነው። መቱም ይዘንባል፣ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ ግን የእኛ ዝናብ ዘንቦ ያባራል፣ መሬቱም ይሸታል። ይኼ አይዘንብም፣ አያባራም፤ አየሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ማዳም «እዚህ ሳይጠሩሽ ሰው ቤት አይገባም» ብላ መከረችኝ። ሦስት ወር ጠበቅኩ። የጠራኝ የለም።

ማዳም ቤት ቦታ ስለሌለ ከጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ተከራየችልኝ። የቤቱ ባለቤት ሙሴ አንሪ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በትልቅ ሆቴል መጠጥ ሲቀዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የተዋወቅነው ቡና ስቆላ ነው። ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው በሩን ደበደቡት።

«ቤቴን ልታቃጥዪ ነው?»

«ቡና ነው፣ ሙሴ።»

«ቡና ከሱቅ ነው የሚገዛው! ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቆርቆሮ!»

«እኛ ዘንድ ከዛፍ ነው የሚለቀመው።»

«እዚህ ዛፍ አለ?»

«የለም። ይግቡና ይጠጡ።»

ገቡ። አንድ ስኒ ጠጡ፣ ሌላ ጨመሩ፣ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «ውሉ ላይ ማጨስ ክልክል ነው ይላል» አሉ ጭሱን እያዩ፤ «ቡና ግን አይልም። ዕድለኛ ነሽ።» በማግስቱ ሳልጠራቸው መጡ። በዚያ ከተማ የመጀመሪያ ጎረቤቴ እሳቸው ሆኑ።

የመጠጡን ታሪክ ያወሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚችው ከተማ በአንድ ሆቴል አንዲት የአሜሪካ አምባሳደር የሆነች ሴት ትገባ ነበር። መጠጥ ቀጂው እሷን ሊያከብር ቮድካና ከሜክሲኮ የሚመጣ ጣፋጭ የቡና አረቄ በበረዶ ላይ ቀላቀለላት። ቮድካ የሩሲያ ነው፣ ቡናው ጥቁር ነው፤ ስለዚህ «ጥቁር ሩሲያዊ» ተባለ። ጊዜው ዓለም ሁሉ ሩሲያን የሚፈራበት ጊዜ ስለነበር ስሙን ሰዎች ወደዱት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ክሬም ጨመረበትና «ነጭ ሩሲያዊ» ሆነ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሙሴ አንሪ የመጀመሪያው ሲቀዳ እዚያው ቆመው ብርጭቆ ያጥቡ እንደነበር ይምላሉ። እውነት ይሁን ጉራ አላውቅም።

«ሩሲያዊ ነክቶታል?» አልኳቸው።

«ማንም።»

«ቡናውስ? የቮድካውን አገር ጠሩ፤ ቡናውን ማን ጠራው?»

«ቡናው የሜክሲኮ ነው አልኩሽ።»

«ሜክሲኮ ከየት አገኘችው?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዳሪሙ ያሉ ዘመዶቻችን የቡናውን ፍሬ በቅቤ ጠብሰው ለእንግዳ ያቀርባሉ፤ ቡና ቀላ ይሉታል። ከቡና ጋር ቅባት ማገናኘት ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «እናንተ የጨመራችሁት ኃጢአቱን ነው» አልኳቸው። ያን ያልኩት እኔ ነኝ። በአፌ።

በእሑድ እሑድ የሩሲያ ስደተኞች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሄጄ እቆም ነበር። በሃይማኖት አንድ ባንሆንም የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ሻማም ይበራል። እዚያ ማዳም ቬራ የሚባሉ አሮጊት አወቅኩ። በልጅነታቸው አገራቸውን ጥለው ወጥተው አልተመለሱም። ስለ መጠጡ ስነግራቸው አማተቡ። «ቮድካ ላይ ወተት? ታመዋል እንዴ?» አሉ።

ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ማዳም «ልጅሽን አምጪና እዚሁ ኑሩ» አለችኝ። ወረቀቱን ለማስጨረስ ወደ ውጭ አገር ሰዎች መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

«የልጅሽ የልደት ቀን?»

«ቡና ሲለቀም። የሚካኤል ማግስት።»

«ሚካኤል የሚባል ወር የለንም።»

«ወር አይደለም፣ መልአክ ነው።»

«መልአኩ የጻፈው ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ልጅም የለሽም» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ ስለቀረበት ነው። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ልጅ እንደሌለኝ አራት ጊዜ ተነገረኝ።

በጥቅምት ከእናቴ ዘንድ አንዲት ትንሽ ከረጢት ደረሰችኝ። የማዳም ባል የሚያውቀው ቡና ነጋዴ ነው ያመጣት። ከውስጧ ደብዳቤ ነበር። እናቴ ማንበብም መጻፍም ስለማትችል ደብዳቤዋን የሚጽፉላት የስልክ ቤቱ ጋሼ ተሰማ ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ሆይ፣ ይህን ቡና ያዮ ጫካ ገብቼ በእጄ ለቅሜ፣ በእመቤቴ ስም ተስዬበታለሁ። ለኅዳር ጽዮን አፍልተሽ ስሟን ጠርተሽ፣ እዚያ ላገኘሽው ለደከመ ሰው አጠጪልኝ። ጽጌ ካንቺ እንድትገናኝ ብዬ ነው። ለሌላ እንዳታደርጊው።» እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት ታውቃላችሁ። ያዮ ጫካ ለእግረኛ ምን እንደሆነም ታውቃላችሁ።

ከረጢቷን ከዳዊቴ አጠገብ አስቀመጥኳት። ማዳም ቬራንና ሙሴ አንሪን ለኅዳር ሃያ አንድ፣ ለጽዮን ጠራኋቸው።

በዋዜማው፣ በሃያ፣ እሑድ ነበር። ጾመ ነቢያት ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ማዳም እንግዳ ጠርታለች፤ ከእንግዶቹ አንዱ የዚያ የመስኮቱ ወጣት አለቃ ነበር። ነጩ መጠጥ እንዲቀርብ ተነግሮኛል፤ ሙሴ አንሪም አስተምረውኛል። ጠርሙሱን ሳወጣ የሜክሲኮው አረቄ ባዶ ነው። ባልየው ጨርሶታል። ሱቅ ዝግ ነው። ማዳም እጇን አማታች።

«ሌላ ነገር እንስጣቸው» አለች፤ «ወይን አለ።»

ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም አላስገደደኝም። ወይን ነበረ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ በቤቱ የቆርቆሮ ቡና ሞከርኩ። ሽታው እንዳረረ ገብስ ሆነ። አለቃው ይህን ጠጥቶ ቡና ይህ ነው ብሎ ይሂድ? ከመቱ የመጣች ሴት ቀድታለት? ክፍሌ ወጥቼ ከረጢቷን አመጣሁ። ግማሹ ይበቃል ብዬ ነበር። አልበቃም።

አሠራሩ ይህ ነው። ቡናውን ለመጠጥ ከምትቆሉት ትንሽ አጥቁራችሁ ቁሉ። ሸካራ አድርጋችሁ ውቀጡት፤ ከደቀቀ ይደፈርሳል። በጥቂት ውኃ አፍልታችሁ አስክኑት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። የወጣውን ያህል ስኳር ጨምራችሁ ማንኪያ ላይ እስኪይዝ ድረስ በቀስታ አብስሉት። ቫኒላ ካለ ጥቂት ጣል ነው። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ከቮድካ ጋር አዋህዱት። ቮድካ እንደ ዳግም አረቄ ኃይለኛ ነው፣ ግን የጌሾም የእንስላልም ሽታ የለውም፤ ስለዚህ የቡናውን ጠረን አይሻማውም። ከዚያ ብርጭቆ ላይ በረዶ፣ ሁለት እጅ ቮድካ፣ አንድ እጅ ያዋሃዳችሁት የቡና አረቄ። ክሬሙ ለስላሳ ስልባቦት ማለት ነው፤ ማንኪያ ገልብጣችሁ በጀርባው ላይ በቀስታ ታፈሱታላችሁ። አታማስሉት። ከታች ጥቁር ቀሚስ፣ ከላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ይመስላል።

ቡናው ሲፈላ የያዮ ጫካ ወጥ ቤቱን ሞላው። ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። ይህንንም ልጽፈው ይገባል።

ብርጭቆዎቹን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ወደ አለቃው ሄድኩ። ብርጭቆውን ልሰጠው ስል እጄ የለመደውን አደረገ፤ ጥቂት በግራ መዳፌ አፈሰስኩና ቀመስኩ። እኛ ዘንድ የቀዳ ሰው ሳይቀምስ ይሰጣል እንዴ? የማዳም ፊት ቀላ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አለቃው።

«መርዝ እንደሌለው እንዲያውቁ ነው፣ ጌታዬ።»

«መርዝ ቢኖረውስ?»

«እኔ እቀድማለሁ።»

ሰውዬው ተንከትክቶ ሳቀ። ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። «ይህ ቡና ከየት ነው?» አለ። ከመቱ፣ ከያዮ ጫካ አልኩት። ማን እንዳለኝ ጠየቀኝ። ጽጌን ነገርኩት፤ ቡና ሲለቀም የሚካኤል ማግስት እንደተወለደችም። «ስሟንና ያጠመቃትን ቄስ ቃል ከአገርሽ አስመጥተሽ በደብዳቤ ላኪልኝ፤ ቀኑን እኔ እሞላዋለሁ» አለኝ።

ወጥ ቤት ተመልሼ እጄን ልታጠብ መዳፌን ሳይ ነው ነጩን መስመር ያየሁት። ክሬም። በጾም። ከረጢቷም ወለሉ ላይ ባዶዋን ተኝታለች።

በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበር። ማዳም ቬራ በዚያ ብርድ ደረጃውን በዱላ ወጥተው መጡ፤ ሙሴ አንሪ የቁርጭምጭሚት ሕመም ይዟቸው ቀሩ። ያፈላሁላቸው ከትናንቱ የተረፈውን አተላ ነው። የእመቤታችንን ስም ልጠራ ብዬ ተውኩት፤ ስኒውን ብቻ ሰጠኋቸው። አሮጊቷ ያን የታጠበ ውኃ በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡት።

«ቀጭን ነው» አሉ፤ «ግን ትኩስ ነው። ተመስገን።»

እናቴ ተስላ የላከችለት የደከመ ሰው እሳቸው ነበሩ። የላከችውን ቡና ግን የጠጣው ሌላ ነው።

ወረቀቱ ከገና በፊት ደረሰ። ልጄ ልትመጣ ነው። አለቀስኩ፣ አመሰገንኩ፣ እንደገና አለቀስኩ። ከዚያ ለመቱ ስልክ ቤት ቀጠሮ አስያዝኩ። የእናቴን ስልክ አነጋገር የመቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እጀታውን ትፈራዋለች፤ ስለዚህ ጋሼ ተሰማ ይዘው እኔ ያልኩትን ጮክ ብለው ይደግሙላታል። ተራ የሚጠብቀውም ሁሉ ይሰማል።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነሽ ወይ ትላለች!»

«ደህና ነኝ በላት!» የእናቴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። «ወረቀቱ መውጣቱን ሰምተናል በላት! እመቤቴ ናት! ቡናዬን ተቀብላ ነው! ቄሱም እዚህ አሉ፣ ጠይቃት፤ ስንት ሰው ጠጣው? ስሟን ስትጠራ ምን አለች?»

ጋሼ ተሰማ ደገሙልኝ። ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እንደምነግርዎ ይንገሯት» አልኩ። «ቡናው በስሟ አልተጠጣም። አረቄ ውስጥ ጨምሬ ለእንግዶች ሰጠሁት። በጾም። እኔም ቀመስኩ። ለእመቤቴ የደረሳት አተላው ነው።»

በመስመሩ ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ማል ጄቴ?» አለች እናቴ። «ምን አለች፣ ተሰማ?»

ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰው ሁሉ ጠጣው፤ አመሰገኑ ትላለች!»

ስልክ ቤቱ በእልልታ ሞላ። በእልልታው መካከል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሰው ብዙ ነው። ይቅር» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ሌላ ትንፋሽ እጀታው ላይ መጣ። ጽጌ ስልክ አትፈራም።

«እማዬ፣ አሁንም ጎሬ ነሽ?»

ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖኛል። የነገራት አልነበረም። እናቴ የእኔን ቃል ላለማፍረስ ዝም ብላ አሳድጋታለች።

«ጎሬ ሄጄ ነበርኮ» አለችኝ። «ከአያቴ ጋር። ገበያውን ሁሉ ፈለግኩሽ። ከረሜላ ሻጯን ጠየቅኳት፤ አላየኋትም አለችኝ።»

«ጽጌ...» ስል መስመሩ ተቆረጠ።

ልጄ ከፋሲካ በኋላ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ትመጣለች። በሰማሁት፣ እናቴ ለምስጋና ሁለተኛ የስለት ቡና ለመልቀም ያዮ ልትሄድ ትዘጋጃለች፤ በዚያ ጉልበቷ። ከመሄዷ በፊት የመጀመሪያው የት እንደገባ ማወቅ አለባት። ከዚያ በኋላ ብትልክልኝም ባትልክልኝም በእሷ ፈቃድ ይሁን። ጽጌም መንገድ ሳትጀምር የምትመጣው ወደ ጎሬ እንዳልሆነ ይነገራት፤ የዋሸኋት እኔ እንደሆንኩም።

ጋሼ ተሰማ፣ አልቀየምኩዎትም። በራችን ላይ ቆሜ ለልጄ ያደረግኩትን ነው እርስዎም ለእናቴ ያደረጉላት፤ ስለዚህ ልብዎን አውቀዋለሁ። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡላትም እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው የላትም። እባክዎን ቀን ላይ፣ ስልክ ቤቱ ባዶ ሲሆን አጠገብዎ ያስቀምጧት፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡላት። ቡናው ጋ ሲደርሱ አይዝለሉብኝ።